«ስውር ወረራ»፤ ስለ አንድ የሥዕል ታሪክ የቀረበ ትችት

፩. መግቢያ

ስለ ልብ ወለድና ስለ ቅኔ ትችት መጻፍ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በተለምዶ ኮሚክ ስለሚባለው የሥዕል ታሪክ ትችት ማቅረብ ግን አንዳንድ አንባብያንን ሳያስገርም አይቀርም። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሕፃናት መጫወቻ አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገር ግን ዛሬ የከሚሴ ልጅ በእጅ ስልኩ የሚያነበውና ተተርኮለት በፊልም የሚያየው ታሪክ በብዛት ከዚህ ዓይነት መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ወጣቱ ስለ ጠላትና ስለ ወዳጅ የሚማርበትን ነገር ደግሞ ሳይመረምሩ ማለፍ ለተማሪ አይገባም።

ለምርመራ የመረጥሁት «ስውር ወረራ» የተባለውን ታሪክ ነው። መጽሐፉን ማርቭል የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2008 በ8 ተከታታይ እትሞች አወጣው። ደራሲው ብራያን ማይክል ቤንዲስ፣ ሠዓሊው ሌኒል ፍራንሲስ ዩ ናቸው። ነገሩ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ምድርን እንዴት እንደ ወረሩ የሚተርክ ነው።

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቋንቋ መምህራችን ማንኛውንም መጽሐፍ በሦስት ጥያቄ እንድንመዝን ያስተምሩን ነበር። መጽሐፉ ምን ይላል? እንዴት አድርጎ ይላል? የሚለውስ እውነት ነውን? እኔም ይህንኑ ሥርዓት ተከትዬ እሄዳለሁ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁለቱ ይልቅ ረዘም ያለ ቦታ ይወስድብኛል።

፪. መጽሐፉ ምን ይላል?

ስክረል የሚባሉት ፍጡራን አረንጓዴ ቆዳ፣ ሾጣጣ ጆሮና የተሸነተረ አገጭ ያላቸው ሲሆኑ፣ የፈለጉትን ሰው መልክ የመልበስ ችሎታ አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1962 ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ባዘጋጁት «ፋንታስቲክ ፎር» በተባለው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ነገሩ ቀላልና አስቂኝ ነበር። የተያዙት ስክረሎች ላም እንዲሆኑ ይደረጉና ላምነታቸውን አምነው በመስክ ሣር ሲግጡ ይቀራሉ። የጨፋን ረግረግ ከብት እያየ ላደገ ሰው ይህ አፈጻጸም ጥሩ ሣቅ ነው።

በ«ስውር ወረራ» ግን ሣቁ ጠፍቷል። የስክረሎች ዓለም ጠፍቶ ሕዝቡ ተበትኗል። ቬራንኬ የተባለችው ንግሥታቸው ምድር በትንቢት የተሰጠቻቸው ርስት ናት ብላ ታምናለች። ስለዚህ ጦር ከማዝመቷ አስቀድማ ሰዎቿን በጀግኖቹ መካከል አስርጋ ታስገባለች። ራሷም ስፓይደር ውማን የተባለችውን ጀግና መልክ ለብሳ ከሌሎቹ ጋር አብራ ትበላለች፤ አብራም ትዋጋለች። የነገሩ ጭራ የሚያዘው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ በሌላ እትም ነው። በዚያ እትም ኤሌክትራ የተባለችው ሴት በውጊያ ትሞትና ሬሳዋ ወደ ስክረልነት ይለወጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጀግኖቹ እርስ በርሳቸው መተያየት ያቅታቸዋል። አሳታሚው መጽሐፉን ለገበያ ያቀረበበትም መፈክር «ማንን ታምናለህ?» የሚል ነበር።

መጨረሻው በኒው ዮርክ ከተማ በሚደረግ ታላቅ ውጊያ ነው። ኖርማን ኦዝቦርን የተባለው ክፉ ሰው ንግሥቲቱን ተኵሶ ይገድልና ሥልጣን ሁሉ በእጁ ይገባል። መልካቸው የተሰረቀባቸው ሰዎችም በስክረሎች መርከብ ውስጥ በሕይወት ይገኛሉ።

፫. እንዴት አድርጎ ይላል?

በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስመሰግን ነገር መኖሩን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ቤንዲስ የንግግር ሰው ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንደ ተራ ሰው ይቈራረጣሉ፤ ይደጋገማሉ፤ ያመነታሉ። ሠዓሊው ዩ ደግሞ በጥቁር ቀለም የተጫኑ፣ ጭረት የበዛባቸው ሥዕሎችን ይሠራል። በውጊያው ገጾች ላይ ብዙ ሰው ስለሚታጨቅ ማን ማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ይህ በሌላ መጽሐፍ ጕድለት ይባል ነበር፤ ስለ መልክ መመሳሰል በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንባቢውንም ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ያደርገዋልና የሚጠቅም ነው።

ከሁሉም በላይ የነካኝ የጃርቪስ ነገር ነው። ጃርቪስ ለብዙ ዓመት የጀግኖቹ ቤት አገልጋይ ሆኖ የኖረ፣ ማንም የማይጠራጠረው ሽማግሌ ነው። ጄሲካ ጆንስ የተባለችው እናት ወደ ጦሩ ስትሮጥ ሕፃን ልጇን አምና ለእርሱ ትተዋለች። ጦሩ በድል ካለቀ በኋላ ልጇን ልትቀበል ስትፈልግ ጃርቪስም ልጇም የሉም። አገልጋዩ ከስክረሎቹ አንዱ ነበር። በእኛ አገር እናት ልጇን ለጎረቤት ጥላ ወደ ሰንበቴ ገበያ መሄዷ የዕለት ነገር ስለ ሆነ፣ ይህን ገጽ ሳነብ ከአንድ ሺሕ መርከብ ይልቅ አስደንግጦኛል። ወረራ ማለት ከተማ መቃጠሉ ብቻ ሳይሆን ሰው ልጁን የሚያኖርበት ቤት ማጣቱም እንደ ሆነ ደራሲው በዚህ ቦታ አሳይቷል።

ጕድለቱ ደግሞ ስክረሎቹ ሕዝብ ሆነው ሳይታዩ መቅረታቸው ነው። አገር የጠፋበት ሕዝብ ማለት ልጅና ሽማግሌ፣ እምነትና ጥርጥር ያለው ሕዝብ ነው። በስምንቱ እትሞች ግን ሁሉም በአንድ አፍ «እርሱ ይወድዳችኋል» እያሉ የሚሞቱ ናቸው። ከዚህ ልማድ የሚለየው ካፒቴን ማርቭል መስሎ የኖረው ስክረል ነው። ይህ ሰው ለተንኰል የተሰጠውን መልክ ከልቡ አምኖበት ስለ ነበረ፣ ማንነቱን ካወቀ በኋላም ከሰው ልጆች ወገን ሆኖ በገዛ ወገኖቹ መርከብ ላይ ይዘምታል። እንደ እኔ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቅ ሐሳብ በዚህ ሰው ላይ ነበረ። ዳሩ ግን ጥቂት ገጽ ተሰጥቶት ይሞታል። ቴዲ አልትማን የተባለው ወጣትም እንዲሁ ነው። ከስክረል እናትና ክሪ ከሚባል ከሌላ ጠላት ሕዝብ አባት የተወለደ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ራሱን እንደ ሰው ቈጥሮ ያደገ ልጅ ነው። ይህን በመሰለ ጦርነት ውስጥ ከእርሱ የበለጠ የሚጨነቅ ማን አለ? ታሪኩ ግን በቅጥያ መጽሐፍ ተገፍቶ ይገኛል። በወሎ እንዲህ ያለው ልጅ ዳር የሚቆም አይደለም፤ ከየቤታችን የማይታጣ ነው።

፬. የሚለው እውነት ነውን?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ከሚሴ በሄድሁ ጊዜ ታሪኩን ለቤተ ሰቤ ለመተረክ ሞከርሁ። አካባቢያችን በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ሲሆን ከሚሴ ዋና ከተማው ናት። ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ተጎራብቶ ይኖርበታል። ሰኞ በባቲ ገበያ አፋሩም ከቆላ ወጥቶ ከእነዚህ ጋር ይገበያያል። አያቴ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ ስለሚቀናቸው ትረካውን በኦሮምኛ አደረግሁት፤ ወዲያው ግን በመጀመሪያው ቃል ላይ ተሰናከልሁ።

ከሌላ ዓለም የመጣን ፍጡር ምን ብዬ ልጥራው? ያገኘሁት ቃል «አላጋ» የሚል ነበር። ይህ ቃል በአማርኛ ባዕድ እንደምንለው ዘመድ ያልሆነ፣ የውጭ ሰው ማለት ነው። አያቴ ጥቂት አዳምጠው፣ «ልጄ፣ አላጋ ማለት ክፉ ሆነ እንዴ? ሴት አያትህም እኮ ወደዚህ ቤት ስትመጣ አላጋ ነበረች» አሉኝ። ሴት አያቴ ከወረኢሉ በኩል የመጡ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። ሁላችንም ሣቅን፤ እኔ ግን ስለ መጽሐፉ የነበረኝ አስተያየት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተለወጠ። ባዕድ የሚለው ቃል በእኛ ቤት ገና ያልተዛመደ ሰው ማለት ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ከቶ ሊዛመድ የማይችል ማለት ነው።

አያቴ ትረካውን እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ተጠርጥሮ ከተገደለ በኋላ መልኩ ሳይለወጥ የቀረ የለም ወይ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ይህንኑ ለመፈለግ ስምንቱን እትሞች እንደ ገና አነበብኋቸው። ጎልቶ የተነገረ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁም። አንድ ቦታ ላይ ሆክአይ የተባለው ቀስተኛ ከመርከብ የወረደችውን ሴት የሞተች ሚስቱ ናት ብሎ ያምናል። ሊቁ ሪድ ሪቻርድስ በመሣሪያው እውነተኛውን መልክ ሲገልጥ ግን እርስዋም ስክረል ሆና ትገኛለች። በዚህ ቦታ ተስፋ ማድረግ ስሕተት፣ መጠርጠር ደግሞ ጥበብ ሆኖ ይገኛል።

የመጽሐፉ ዋና ስሕተት እንግዲህ ይህ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግድያ ራሱ ማስረጃ ነው። የተገደለው ሰው አረንጓዴ ከሆነ ገዳዩ ትክክል ነበረ ማለት ነው፤ ደራሲውም ሬሳው ሁልጊዜ አረንጓዴ እንዲሆን ያደርገዋል። በእውነተኛው ዓለም ግን የሞተ ሰው መልኩ አይለወጥም። ጎረቤት ሆኖ የኖረ፣ ጎረቤት ሆኖ ይሞታል፤ ገዳዩንም የሚያጸድቅለት ቀለም አይወጣም።

ይህን የምለው ነገሩ ከእኛ የራቀ ስላልሆነ ነው። በ2011 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. በዞናችን በአንዳንድ ወረዳዎችና በአጎራባቹ በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በአጣዬ አካባቢ፣ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴ ደረሰ። የግጭቶቹን ምክንያት መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የማነሣው በእነዚያ ዓመታት በየአፉ የሰማናቸውን ሁለት ቃላት ነው። አንደኛው «ሰርጎ ገብ»፣ ሁለተኛው «ፀጉረ ልውጥ» ናቸው። የቤንዲስን መጽሐፍ ርእስና ጭብጥ ወደ አማርኛ ለመመለስ ከእነዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። ተረቱም አብሮ ተዘጋጅቷል፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን።

በዚያ ወራት እኔም ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ በአንድ ኬላ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት አስወረዱት። ምክንያቱ አነጋገሩ ይመስለኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰና ቦታው ላይ ተቀመጠ። የወጣቱ ባሕርይ ከመውረዱ በፊትም ሆነ በኋላ አንድ ነበረ፤ ከሸዋ ሮቢት የገዛውን ሙዝ እንኳ አካፍሎኛል። ነገር ግን ከተመለሰ በኋላ ቦርሳዬን ቀስ ብዬ ወደ እግሬ ሳብሁ፤ እስከ ጣርማ በርም አንድ ቃል አልተናገርሁትም። ያ ሰው ምንም አላደረገኝም። የጠረጠርሁት ሌሎች ስለ ጠረጠሩት ብቻ ነው። ቤንዲስ ስለ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ገጽ ቢጽፍ ኖሮ መጽሐፉ ትልቅ ይሆን ነበር።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ «በእውነት ሰርጎ የሚገባ ጠላት የለም ወይ? ጥንቃቄስ ነውር ነውን?» ይለኝ ይሆናል። በጦርነት ጊዜ ሰላይ መኖሩን አልክድም፤ ጃርቪስንም ያመሰገንሁት ስለዚህ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ማለት የሠራውን ሰው በሥራው መያዝ ሲሆን፣ የመጽሐፉ ጥርጥር ግን ሰውን ሁሉ በመልኩ መያዝ ነው። የመጀመሪያው መርምሮ ይፈታል ወይም ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ማብቂያ የለውም።

ያው አሳታሚ ይህን ነገር ቀደም ብሎ ያውቀው እንደ ነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1972 በ«አቬንጀርስ» መጽሐፍ በወጣው የክሪና የስክረል ጦርነት ታሪክ ውስጥ ክራዶክ የተባለ ባለ ሥልጣን ባዕዳንን የሚያድን ጉባኤ ያቋቁማል፤ ሕዝቡንም በፍርሃት ያሳብዳል። በመጨረሻ ሲታይ ስክረሉ እርሱ ራሱ ነበረ። የዚያ ዘመን ደራሲ ሮይ ቶማስ ለአንባቢው የነገረው፣ ወራሪው የሚጠቀመው ከመሰለው መልክ ይልቅ ከዘራው ጥርጥር መሆኑን ነው። ቤንዲስ መሣሪያውን ከዚያ ታሪክ ወርሶ ትምህርቱን ግን ትቶታል።

፭. ስለ ዋካንዳ አንድ ማነጻጸሪያ

በዚያው በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጄሰን አሮን ደርሶት ጄፍቴ ፓሎ የሣለው የሦስት እትም ቅጥያ በ«ብላክ ፓንተር» መጽሐፍ ወጥቷል፤ ከ39ኛው እስከ 41ኛው እትም ያለው ነው። ስክረሎቹ ቅኝ ተገዝታ የማታውቀውን ዋካንዳን በግልጽ ጦር ይወርራሉ። የሁለቱም ወገን ረቂቅ መሣሪያ ከጥቅም ውጭ ስለሚሆን ጦርነቱ በጦርና በጎራዴ ይሆናል፤ ወራሪውም ተደምስሶ ይቀራል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውን እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ታሪክ ደስ ማሰኘቱ አይቀርም፤ እኔንም ደስ አሰኝቶኛል። በተለይ ታሪኩ ጡረታ የቀረበውን የስክረሎች አዛዥ ልብ አስገብቶ ማሳየቱ ከዋናው መጽሐፍ የተሻለ ያደርገዋል። ወራሪው ከተሸነፈ በኋላ እንኳ ሰው መሆኑ ይታወቃል።

ቢሆንም የዋካንዳ ታሪክ የሚመልሰው የቀለለውን ጥያቄ ነው። ጠላት ባንዲራውን አውለብልቦ ከድንበር ማዶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አባቶቻችን አሳይተዋል፤ ወሎም ሸዋም፣ ኦሮሞውም አማራውም በአንድ ዘምቷል። አስቸጋሪው ጥያቄ ከድል በኋላ የሚመጣው ነው፤ ይኸውም በአንድ የዘመቱት ልጆች እርስ በርሳቸው ባዕድ መባባል ሲጀምሩ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ለዚህ ዋካንዳም መልስ የላትም።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ በተነገረው መሠረት «ስውር ወረራ» በሥዕሉና በንግግሩ የበሰለ፣ በጃርቪስ ነገር የሚያስደነግጥ፣ በፍርዱ ግን የተሳሳተ መጽሐፍ ነው። ጥርጥርን ያለ ዋጋ ይሸጣል፤ የጠፉትም ሰዎች በመጨረሻ ከመርከብ በደኅና ስለሚወርዱ ሐዘኑ እንኳ በብድር የተወሰደ ነው። የአሜሪካ ጸሐፊዎች ራሳቸው ይህን ጕድለት ሳያስተውሉት አልቀሩም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ካፒቴን ማርቭል» ፊልም ስክረሎቹ መጠጊያ የሚፈልጉ ስደተኞች ሆነው ቀርበዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በበስራት ደበበ የተመሠረተው ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማውጣት ስለ ጀመረ፣ የሥዕል ታሪክ የሌሎች ብቻ የሆነበት ጊዜ አልፏል። እንግዲህ ከእኛ ወጣቶች አንዱ የወረራ ታሪክ ሊሥል ቢነሣ፣ ቦታውን በባቲ የሰኞ ገበያ እንዲያደርገው እመክረዋለሁ። ሦስትና አራት ቋንቋ በአንድ ቀን በሚነገርበት ቦታ መልክን የሚገልጥ መሣሪያ ማንን ይገልጣል? ታሪኩንም ሲጀምር የአያቴን ጥያቄ ቢያስቀድም መልካም ነው፤ ተጠርጥሮ መልኩ ሳይለወጥ የቀረውን ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ ያድርገው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረታችን ከ«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያነሰ ዕድሜ ያለው አይመስለኝም። ሁለቱም የእኛ ናቸው። የትኛውን ለልጆቻችን እንደምንተርክላቸው ግን መምረጥ የሚገባን እኛው ነን። በአውቶቡሱ ውስጥ ሙዙን ያካፈለኝን ወጣት ዳግመኛ ባገኘው፣ በመጀመሪያ ስሙን እጠይቀዋለሁ።